የነካውን የሚለክፍ ፊት

ሾዋ ዘመን፣ 62ኛ ዓመት፣ አምስተኛው ወር፣ 3ኛ ቀን
ኮናጊ

ለልጄ ለናሚዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። በየደብዳቤሽ ስለ ወገቤ መጠየቅሽን አሁን ተይው፤ ደህና ያልሆንኩ ዕለት ሌላ ሰው ይጽፍልሻል። ጀልባዋም ደህና ናት። ባሕሩ ግን ቀዝቅዞ ስለከረመ ኦክቶፐሶቹ የምሰድላቸው ማሰሮ ውስጥ አልገባ ብለው አሹፈውብኛል።

የእጅ ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ ይቅርታ አልልሽም። የቡድሃ ቤተ መቅደሱ መነኩሴ ሚስት "አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ" ብትለኝ እምቢ አልኳት። ከባዶቹን ፊደሎች አላውቃቸውም፤ ቀላሎቹን አውቃለሁ፤ እነሱም ለኔ ጉዳይ ይበቃሉ።

የላክሽው ጥቅል ደርሷል። የኦሳካ ጣፋጭ መስሎኝ እንዳለ በእናትሽ ፎቶ ፊት አስቀምጬላት ነበር። ኋላ ብከፍተው ፕላስቲክ ነው። ካሴት ነው ሲሉኝ ዘፈን ይሆናል ብዬ ወደ ሱቋ ወደ ቶሜ ይዤው ሄድኩ። ዘፈን አይደለም አለችኝ። ሂሮሺማ ያለው ልጇ ለአዲስ ዓመት መጥቶ ረስቶት የሄደ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ አላት፤ እዚያ ላይ የሚሰካ ጨዋታ ነው። እኔ ምን ላደርገው፣ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳችም። ጨው የፈለገ ራሱ መዝኖ ይወስዳል። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ አታፍርም።

ትናንት ሳሙና ልገዛ ብሄድ ገና ደፉን ሳልረግጥ ጮኸችብኝ።

"ታሜ! ልጅህ ለከፈችኝ!"

"ልጄ ኦሳካ ናት፤ በየትኛው እጇ ትለክፍሻለች?"

"ይኸው፣ ና እይ! ይሄ ነጭ ፊት። ገላ የለው፣ እግር የለው፣ ብቻውን ይንሳፈፋል። መንገዴን ስሄድ መጥቶ ታከከኝ፤ ከዚያ ሰይፌን ልምዘዝ ብል እምቢ አለኝ። እጄን አሰረው!"

"የትኛውን እጅሽን?"

"የሰውዬውን ነዋ! የኔን ሰውዬ!"

ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ። የቱ ሰውዬ እንደሆነ ግራ ገባኝና ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሥራሽ ለልጆች ሥዕል መሳል ነው ብለሽኝ ነበር። ይሄ ነጭ ፊት ያንቺ ሥዕል ነው? ሥዕል እንዴት አድርጎ ሰው ይለክፋል? ቀስ ብለሽ፣ በቀላሉ ፊደል ጻፊልኝ።

አባትሽ ታሜኪቺ


አምስተኛው ወር፣ 21ኛ ቀን
ኦሳካ

ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎንም፣ ተከትሎ የመጣውን ካርድዎንም አግኝቻለሁ። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚቀጥለውን ጨዋታ ለማድረስ ቢሮ ውስጥ ነው የምናድረው።

ካርዱ ላይ "ፊቱ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል ወይ?" ብለው ለጠየቁኝ፤ አይወጣም። በመስታወቱ በኩል ማለፍ አይችልም። በመሣሪያው ሲጫወቱ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ትንሽ ሰውዬ ይታያል፤ እትዬ ቶሜ "የኔ ሰውዬ" ያሉት እሱን ነው። እሳቸው በጣታቸው ሲጫኑ እሱ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ሰይፍ ይመዛል። ነጩን ፊት የሳልኩት እኔ ነኝ። ስሙ ፉዋ ነው። ትንሹን ሰውዬ ቢነካው አይገድለውም፣ አያቆስለውም። ሰይፉን እንዳይመዝ ያደርገዋል፤ ይኸው ነው ሥራው። ከጠላቶቹ ሁሉ ልጆች አምርረው የሚጠሉት እሱን ነው ይሉኛል። ለኔ ይህ ምስጋና ነው።

ከየት እንዳመጣሁት አለቃዬም ጠይቆኝ ነበር፤ አልነገርኩትም። ለርስዎም ለጊዜው አልነግርዎትም፤ ይቆጣሉ።

አሥረኛው ወር ላይ የእናቴ ሰባተኛ ሙት ዓመት ነው። በሦስተኛው ዓመቷ ሥራ ይዞኝ ቀርቻለሁ፤ ያንን ሳስበው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ለዘንድሮው ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መነኩሴው ሲጸልዩላት ከርስዎ ጎን መቀመጥ እፈልጋለሁ። እባክዎ ይጠብቁኝ።

ልጅዎ ናሚዬ


ስድስተኛው ወር፣ 24ኛ ቀን
ኮናጊ

ናሚዬ፣

"ይቆጣሉ" ብለሽ የጻፍሽውን ጀልባ ላይም፣ ምግብ ላይም ሳመነዥከው ከረምኩ። አባት የሚቆጣው በምንድን ነው? አሁን የገባኝ ይመስለኛል፤ ባይገባኝ ይሻል ነበር።

መጀመሪያ ግን ወሬውን ልንገርሽ። የቶሜ ቀኝ እጅ ታሰረ። የትንሹ ሰውዬ አይደለም፣ የራሷ። አውራ ጣቷ አብጦ አልታጠፍ አለ፤ ሚዛን ማንሳት አቃታት። ከከተማ የመጣው ሐኪም "ይሄ ቀኑን ሙሉ ያንን ነገር ከመጫን የመጣ ነው፤ ጅማቱ ተቆጥቷል" ብሎ በፋሻ ጠቀለለላት። መንደሩ ግን ሐኪሙን አይደለም የሰማው። የሰማው ቶሜ ወር ሙሉ በየደጁ "የናሚዬ ፊት ለከፈኝ፣ እጄን አሰረኝ" እያለች የሳቀችውን ነው። ስታወራ ሳቅ ነበር፤ እጇ ሲያብጥ ሳቁ ቀረ።

አንቺ ከተማ ገብተሽ ረስተሽው ይሆናል። የእናትሽ የትውልድ ቤት "ጥቁር ቤት" የሚሉት ነው። ቀበሮ ያሳድራሉ፣ ቀበሮዋን ልከው የተጠጋቸውን ያስለክፋሉ የሚባልባቸው። እኔ እናትሽን ሳገባ አባቴ የሠርጌን ቀን መረብ ሲጠግን ዋለ። ጎረቤት ቤታችን መጥቶ ከእናትሽ ከኪኑ እጅ ሻይ ሲቀበል ስኒውን በመዳፉ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል፣ "ደስ የሚል ሻይ ነው" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ኖረች። ስትሞት ወሬውም አብሯት የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ለየጎረቤቱ ኦክቶፐስ ብልክ "ሆዴን ቆርጦኛል" እያሉ መለሱልኝ። መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን ሆዱን ቆረጠው።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ያ ፊት የእናትሽ ነው? ነጭ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ሲጠጉት ሰው ይለክፋል። ከየት እንዳመጣሽው ለኔ መንገር የፈራሽው ለዚህ ነው?

ቢሆንም ባይሆንም መልሰሽ ሰብስቢው። እኔ የበሰበሰ ዓሣ ከሸጥኩ ሄጄ እመልሳለሁ። አንቺም መልሺ።

አባትሽ


ሰባተኛው ወር፣ 12ኛ ቀን
ኮናጊ

ናሚዬ፣

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ አንብቤ ገባኝ አልኩ፤ ሁለተኛ ባነበው አልገባኝም። የተሸጠ አይመለስም ትያለሽ። ሥዕሉ ካሴቱ ውስጥ ታትሞ ገብቷል፤ የሳልሽው አንቺ እንኳ ልታወጪው አትችዪም። አገሩን ሙሉ በየቤቱ ገብቷል። ታዲያ ተጠርቶ የማይመለስን ነገር ለምን ሰደድሽው? እኔ ውሻ እንኳ ስለቅ ስጠራው እንደሚመጣ አውቄ ነው።

"የእናቴ ፊት አይደለም" ትያለሽ። ጥሩ። የማን እንደሆነ ግን አሁንም አልጻፍሽም። "በአካል ስንገናኝ" አልሽ። ወደ ቤተ መቅደሱም እየደወልሽ አታስጠሪኝ፤ ሄጄ ስልኩን ብይዝ የመነኩሴው ሚስት አጠገቤ ቆማ ጆሮዋን ትተክላለች፣ እኔም "እህ" ከማለት በቀር ምንም አልልሽም። ስልክ ቤቴ አላስገባም ያልኩትም አልተለወጠም።

ስለ ሙት ዓመቱ ጠይቀሽኛል። መልሴ ይህ ነው፤ አትምጪ።

በክፋት አይደለም፣ ስሚኝ። አንቺ ከአውቶቡስ ስትወርጂ ከታየሽ አንድ ሰው ቤቴ አይመጣም። በሩ ተከፍቶ፣ ምግቡ ተደርድሮ፣ መነኩሴው ለባዶ ምንጣፍ ይጸልያል። እናትሽ በሕይወት ሳለች ሻይዋ ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። በሰባተኛ ዓመቷ ደግሞ ምግቧ እንዲቀዘቅዝ አልፈቅድም። አንቺ ብትቀሪ ይሻላል።

አባትሽ


ስምንተኛው ወር፣ 19ኛ ቀን
ኮናጊ

ናሚዬ፣

መልስ ስላልጻፍሽ አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን አልጽፍም ነበር።

የሙታን በዓል አለፈ። የእናትሽን መቃብር ድንጋይ አጥቤ፣ ነፍሷን በፋኖስ ተቀብዬ በፋኖስ ሸኘሁ። ስሸኛት ያንን ፊት ሄጄ ራሴ ልየው አልኩ። እስከ ዛሬ የሰማሁት ወሬ ነው፤ እኔ በወሬ መረብ ጥዬ አላውቅም።

ቶሜ ቀኝ እጇ እንደተጠቀለለ ነው። ጨዋታውን ከፍታ፣ የሚጫኑትን ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የመነኩሴው ሚስትም ሻማ ልትገዛ መጥታ ነበር፤ ሻማዋን ገዝታ ሳትሄድ ቀረች።

"በቀኝ ሂድ!" አለች ቶሜ። "በቀኝ! ታሜ፣ ቀኝህ የት እንደሆነ ጠፋህ?"

"ቀኙ የኔ ነው የሱ?"

"የሱ ቀኝ፣ ያንተ ቀኝ፣ ሁሉም አንድ ቀኝ ነው! ኧረ ገደል ገባህ።"

"ማን ነው ገደሉን እዚህ የቆፈረው?"

"እኔ እንጃ። ደግሞ ተነስ።"

ብዙ ጊዜ ሞትኩ። ጀልባ ላይ እንዲህ ብሞት ኖሮ አንቺም አትወለጂም። ኋላ አንድ ጠባብ ኮሪደር ደረስኩ፤ ፉዋ ግድግዳውን እየታከከ መጣ። ነጭ ነው። አፉን ገጥሟል። ከዓይኑ በላይ መሐል ላይ የተገናኙ ሁለት ወፍራም ጥቁር መስመሮች አሉ። የሚያሳድደኝ አይመስልም፤ በራሱ ሐሳብ ተይዞ የሚዞር ነው የሚመስለው። ልሸሽ ስል ነካኝ። ትንሹ ሰውዬ ብልጭ ድርግም አለ። ሰይፉን ብጫን፣ ብጫን፣ የለም።

"ተለከፍክ!" አለች ቶሜ፣ በደስታ።

የመነኩሴው ሚስት ወንበሯን ከኔ ፈቀቅ አደረገች። አየኋት። ለዚህች ሴት ሃያ ዓመት ዓሣ አብልቻለሁ።

እኔም ተናደድኩና ከቶሜ ጋር ጭቅጭቅ ያዝኩ። መንደሩን በምላሷ ያመሰችው እሷ መሆኗን፣ ኪኑ ምንም እንዳላደረገቻት ነገርኳት። ጣቴ ከዚያ ነገር ላይ አልተነሳም ነበር፤ ንግግሬን ሳልጨርስ ሰይፉ ወጣ።

"አለፈልህ" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ልክፍቱ ነዋ። ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። ሁልጊዜ ያልፋል።"

"ይሄን ለመንደሩ አልነገርሽም!"

"ማን ጠየቀኝ?"

ተመልሼ ሄጄ ሆን ብዬ ነካሁት። አለፈ። ደግሞ ነካሁት። ደግሞ አለፈ። "አብደሃል፣ ሰው ይሸሸዋል እንጂ ሄዶ ያቅፈዋል?" ትለኛለች ቶሜ። እኔ ግን ማየት የፈለግኩትን አየሁ፤ ባየሁ ቁጥር ግን የበለጠ ግራ ገባኝ።

የሚያልፍ ልክፍት ሰምቼ አላውቅም። እዚህ አያልፍም። እናትሽ ላይ አላለፈም፤ ተሸክማው ገባች፣ ተሸክማው ወጣች። ስለዚህ እሷን ስለሽ ከሆነ የሚያልፍ አድርገሽ መሳልሽ ስህተት ነው። እሷን ካልሳልሽ ደግሞ ይህን ከየት አመጣሽው? እንደሚያልፍ ማን ነገረሽ? አሁን "በአካል ስንገናኝ" የሚባል ነገር የለም። ጻፊልኝ።

አባትሽ ታሜኪቺ


ስምንተኛው ወር፣ 30ኛ ቀን
ኦሳካ

ለአባቴ፣

እንግዲህ ይቆጡ። ፉዋ እርስዎ ነዎት።

ማሰሮዎቹ ባዷቸውን የወጡ ዕለት ቤት ሲገቡ ትዝ ይልዎታል? አይልዎትም፤ ራስዎን አያዩም። አፍዎን ገጥመው፣ ቅንድብዎን አውርደው፣ ግድግዳውን እየታከኩ ከበሩ እስከ ምድጃው ይሄዱና ይቀመጣሉ። አይሳደቡም፣ አይመቱም። ግን በአጠገብዎ ያለፈ ሰው ክንድዎን ከነካ አለቀለት፤ መብያ እንጨቱ ከእጁ ይወድቃል፣ የሚለው ይጠፋዋል። እኔ ስምንት ዓመቴ ሆኖ የሩዝ ሳህን ይዤ ስታከክዎት እጄ ደርቆ መሐል ቤት ቆሜ ቀርቻለሁ።

እናቴ እጄን ይዛ ከተንሸራታቹ በር ኋላ ወሰደችኝ። "አትፍሪ" አለችኝ። "አባትሽን እንዲህ ሲሆን አትንኪው፤ በግድግዳው በኩል ዞረሽ እለፊ። ከነካሽውም ትንሽ ቁሚ፤ ያልፋል።" ከዚያ እጅጌዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እኔም ሳቅሁ። በየጊዜው ነበር፣ አባቴ። እርስዎ ምድጃው አጠገብ እንደ ድንጋይ ተቀምጠው፣ እኛ ከበሩ ኋላ በሳቅ እናልቅ ነበር።

አለቃዬ ልክፍቱ ተጫዋቹ እስኪሞት ድረስ እንዲቆይ ነበር የፈለገው። "እንዲያ ካልሆነ ማን ይፈራዋል?" አለኝ። እኔ ያልፋል አልኩ። "በምን አወቅሽ?" ሲለኝ፣ "አውቀዋለሁ፤ ያልፋል" ብዬ ድርቅ አልኩ። ድርቅናው የማን እንደሆነ ያውቁታል።

ስለ እናቴ ቤት የሚወራውን አልረሳሁም። ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር ገመድ የሚዘል ልጅ አልነበረም። ሥዕሉ እዚያ እንዲህ እንደሚተረጎም ግን አልታየኝም፤ እሱን ሳላስብ መላኬ ጥፋቴ ነው። አትምጪ ካሉኝ አልመጣም። እዚሁ ሆኜ ዕጣን አጨስላታለሁ። ግን መምጣት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ናሚዬ


ዘጠነኛው ወር፣ 12ኛ ቀን
ኮናጊ

ናሚዬ፣

በመጀመሪያ፣ ቅንድቤ እንዲያ አይደለም። የመላጫዬን መስተዋት ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። ወፍራም ነው፤ ይህን አልክድም። ሁለቱ ግን አይገናኙም። አንቺ አገናኝተሻቸዋል።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ከባሕር ስመለስ ጀልባዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ወደ ቶሜ ሱቅ ሄድኩ። ሰው ነበር። የመነኩሴው ሚስት ነበረች፤ ኦክቶፐሴን ከመለሱት ጎረቤቶችም ነበሩ። ቶሜ በግራ እጇ እየተጫወተች ነው፤ ይህች ሴት ሁለቱም እጇ ካልተቆረጠ አትተውም።

"ያ ፊት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ቶሜ ወደ ቴሌቪዥኑ አየች። ወደኔ አየች። ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ አየች።

"ቅንድቡ!" አለች።

"አይገናኝም" አልኩ።

"በጌታ ቡድሃ፣ ራሱ ነው! አፉን እዩት! ታሜ፣ እስቲ በግድግዳው በኩል ተራመድ!"

አልተራመድኩም። ግን ልወጣ ስዞር በሩ ያለው በግድግዳው በኩል ነው፤ ምን ላድርግ። ከኋላዬ የነበረው ሳቅ እስከ ወደቡ ተሰማ። የመነኩሴው ሚስት ሻማው ሁሉ ከእጇ ወድቋል። ከሳቁ መሐል አንዲቷ፣ "አይ ምስኪን ኪኑ፣ ከዚህ ጋር ኖራ!" አለች። ሌላይቱም፣ "እውነትም፣ ምን ያህል ብትችለው ነው" አለች። እኔ ደጅ ቆሜ ሰማሁ። ስሟን ጠሩት፣ ናሚዬ። በዚህ መንደር የእናትሽን ስም ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ የጠራ ሰው ገና ያን ዕለት መስማቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮ የለኝም። በመንገድ ስሄድ ሰው ሁሉ ጥጉን ይዞ ይዞረኛል፤ "ፉዋ መጣ፣ ሰይፋችሁን ደብቁ" ይባላል። ቶሜ እጇን ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ ለሙት ዓመቱ ከሰው ሁሉ በፊት መጥታ ከሰው ሁሉ በላይ እንደምትበላ ነግራኛለች። ሌሎቹም መቼ ነው እያሉ ይጠይቁኛል። ቀኑን ነግሬአቸዋለሁ። ምንጣፍ ያንሰናል፤ ከመነኩሴው እዋሳለሁ።

አሁን እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። የጻፍሽልኝ እውነት ነው? ወይስ የኔን ጠባይ አውቀሽ፣ "ይህን ብነግረው ሄዶ በአደባባይ ይናገራል፣ የእናቴንም ስም ከሐሜት ያነጻዋል" ብለሽ ነው? ባሕር ላይ ቁጭ ብዬ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ስለው ማሰሮዎቼን ሳላወጣ ተመለስኩ። እኔ ያን ያህል የምከብድ ሰው አይደለሁም። ሰው ደክሞት ሲገባ ዝም ማለት መብቱ ነው። እውነት ይሁን አይሁን ግን አትጻፊልኝ፤ ለመንደሩ የነገርኩትን መልሼ መሰብሰብ አልችልም። እንዳንቺው ካሴት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ግራ የገባኝ ግን የበሩ ነገር ነው። ትስቅ ነበር ወይ? እናትሽ እኔ ፊት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ድምፅ አልነበራትም። አብረን ስንኖር ሳቋን ሰምቼው አላውቅም። እኔ እዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፣ በሩ ከኋላዬ ሁለት ክንድ አይርቅም፣ በወረቀት የተለበጠ በር ነው፤ እንዴት አልሰማሁም? ምን ዓይነት ሳቅ ነበር? ቀጭን ነው? ሲጀምራት ነው የሚበረታው ወይስ ሲያልቅ? እኔ ሳላውቀው ከኔ ቤት ያለፈ ነገር ነው።

ይህን በደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ፊደሉን አላምነውም። ለሙት ዓመቱ መጥተሽ፣ ከበሩ ኋላ ቁሚና እንደሷ ሳቂልኝ። እኔ እዚህ ምድጃው ጋ እቀመጣለሁ።

አባትሽ ታሜኪቺ